ምጣድ መሰካታችንን ትራንስፎርመሩ በምን ያውቃል?

ደብተር_ሙሉ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ትራንስፎርመር ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ፤ ፕራይመሪና ሰከንደሪ። በሽቦ አይገናኙም። ይሄ ገብቶኛል። የዙሩ ቁጥርና ቮልቴጁ እንደሚመጣጠኑም ሸምድጃለሁ። ፈተና ላይ ቢመጣ እሠራዋለሁ።

ያልገባኝ ይሄ ነው። እናቴ ምጣድ ስትሰካ ከሰከንደሪው ብዙ ከረንት ይወጣል። ያ ኃይል ከፕራይመሪው በኩል መምጣት አለበት። ግን በፕራይመሪው በኩል ምን ተለወጠ? ያው ቮልቴጅ፣ ያው ሽቦ። "አሁን ጨምር" ያለው ማነው? መምህራችንን ስጠይቀው "የሚገባው ኃይልና የሚወጣው እኩል ስለሆነ" አለኝ። እሱማ ውጤቱ ነው። መንገዱ ነው የጠፋብኝ።

ቀልደኛው_ፊውዝ

ሚስኮል ያደርግለታላ።

ቮልትሜትር

😂 ወደ ቁም ነገሩ። ጥያቄህ ጥሩ ነው። ኢንጂነሪንግ ተመርቆ እንኳ ይህን ጠይቆ የማያውቅ ሞልቷል።

ከፋራዴይ ብንነሳ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1831 ነው። ማይክል ፋራዴይ ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ አንድ የብረት ቀለበት ይዟል። በአንዱ ጎን ሽቦ ጠቅልሎበታል። በሌላው ጎን ሌላ ሽቦ። ሁለቱ አይነካኩም። አንዱን ከባትሪ ጋር አገናኘ። የሌላው ሽቦ ጫፍ በኮምፓስ መርፌ አጠገብ ያልፋል።

ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌው ዘለል አለ። ከዚያ ተመልሶ ቆመ። ባትሪው እንደተገናኘ ነው፣ ከረንቱም እየሄደ ነው፣ ቀለበቱም መግነጢስ ሆኗል። መርፌው ግን ዝም። ባትሪውን ሲነቅል እንደገና ዘለለ፤ አሁን በተቃራኒው።

ነገሩ ሁሉ እዚህች ዝምታ ላይ ነው። መግነጢስ መኖሩ ብቻ በሁለተኛው ሽቦ ላይ ምንም አያመጣም። መለወጡ ነው የሚያመጣው። ፍጥነቱ ደግሞ ወሳኝ ነው፤ ፍለክሱ (በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የመግነጢስ መጠን) ቶሎ ከተለወጠ ቮልቴጁ ይበልጣል፣ ቀስ ካለ ያንሳል። ቤታችን የሚገባው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ ለውጡ አያቋርጥም።

ለነገሩ ያ ቀለበት ራሱ ትራንስፎርመር ነው። የዓለም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ፋራዴይ ግን የፈለገው ሌላ ነበር።

ደብተር_ሙሉ

አመሰግናለሁ፣ ይሄኛው ገባኝ። ግን ከፕራይመሪ ወደ ሰከንደሪ መሄዱን ነው የነገርከኝ። ከሰከንደሪ ወደ ፕራይመሪ ወሬው እንዴት ይመለሳል?

ጥቅለላ_ቤት

ልጄ፣ እኔ ሞተርና ትራንስፎርመር ጠቅልዬ የማድር ሰው ነኝ። ቲዎሪውን ለተማሩት እተዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ።

220 ገብቶ 22 ቮልት የሚወጣበት ትራንስፎርመር ሥራ ብባል መጀመሪያ ኮሩን፣ ማለትም መሀል ላይ ያለውን ብረት፣ እለካለሁ። ሽቦው የሚጠቀለልበት መሀል እግሩ 15 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 45ን ለ15 አካፍላለሁ። 3 ይመጣል። ለአንድ ቮልት 3 ዙር ማለት ነው። ለ220ው 660 ዙር፣ ለ22ቱ 66 ዙር። ይህ ስሌት ለ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚወዛወዝ መብራት ነው።

ፕራይመሪውን ስጨርስ በኦም ሜትር ብለካው 7 ኦም አካባቢ ያሳያል። አሁን አስላው። 220 ለ7 ሲካፈል ከ31 አምፔር በላይ ነው። ያ ቀጭን ሽቦ 31 አምፔር ቢሄድበት ጭሱ ጎረቤት ይደርሳል። ግን ሰከንደሪውን ክፍት ትቼ 220 ብሰጠው የሚጠጣው የአምፔር አንድ አስረኛ አካባቢ ነው። ሙሉ ቀን ተሰክቶ ቢውል ለብ ይላል እንጂ አይቃጠልም።

31ዱን አምፔር ማን ያዘው? እሱን ካወቅህ የጠየቅከውንም ታውቀዋለህ።

ሰብስቴሽን_ሴት

ጋሼ ጨዋታውን ጨርሰውታል፤ እኔ ቁጥራቸውን ይዤ ልቀጥል።

ደብተር_ሙሉ፣ በኮሩ ውስጥ የሚወዛወዘው ፍለክስ የሚያልፈው በሰከንደሪው ዙሮች መሀል ብቻ አይደለም። በራሱ በፕራይመሪው ዙሮችም መሀል ያልፋል። ፋራዴይ ያየው ሕግ ደግሞ "ይህኛው ጥቅል የፈጠረው ፍለክስ ነው" ብሎ አያዳላም። ስለዚህ በፕራይመሪውም ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። አቅጣጫው የሚገባውን 220 ቮልት የሚቃወም ነው። ባክ ኢኤምኤፍ የሚሉት እሱን ነው። ጭነት በሌለበት ሰዓት፣ ማለትም ሰከንደሪው ላይ ምንም ዕቃ ሳይሰካ፣ ወደ 220 ይጠጋል። 31ዱን አምፔር ያገደው ይኸው ነው። የምትቀረዋ ትንሽ ከረንት ኮሩን መግነጢስ ለማድረግ ብቻ የምትሄድ ናት።

አሁን ሰከንደሪው ላይ ጭነት እናድርግ። 10 አምፔር ይሳብ። ይህ 10 አምፔር በ66ቱ ዙር ሲሄድ የራሱን መግነጢስ ይፈጥራል። ወዴት አቅጣጫ? ሄንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 የመለሰው ይህንን ነው፤ በኢንዳክሽን (በመግነጢስ ለውጥ) የመጣ ከረንት ራሱን ያመጣውን ለውጥ ይቃወማል። ስለዚህ የሰከንደሪው ከረንት በኮሩ ውስጥ ያለውን ፍለክስ ለመቀነስ ይገፋል።

እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ። ፍለክሱ ትንሽ ዝቅ ሲል የፕራይመሪው ባክ ኢኤምኤፍም ዝቅ ይላል። ከ220 አጠገብ የነበረው 213 ሆነ እንበል። ከመስመሩ የሚገባው ግን ያው 220 ነው። 7 ቮልት ተቃዋሚ አጣ። 7 ቮልት በ7 ኦም ላይ ስንት ነው? 1 አምፔር።

ይህ 1 አምፔር በ660 ዙር ሲሄድ 660 የአምፔር ዙር ይሰጣል። የሰከንደሪው 10 አምፔር በ66 ዙር? እሱም 660። ተመጣጠኑ። ሰከንደሪው የሚገፋውን ያህል ፕራይመሪው በተቃራኒው ገፋ። ፍለክሱም ከዚህ በላይ አይወርድም። 220 ቮልት በ1 አምፔር ገባ፣ 22 ቮልት ገደማ በ10 አምፔር ወጣ። መምህርህ ያሉህ እኩልነት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ልዩነቷ በሽቦውና በኮሩ ሙቀት የምትጠፋው ናት።

ፕራይመሪው ስለ ምጣዱ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚሰማው በገዛ ኮሩ ውስጥ ያለውን ፍለክስ ብቻ ነው። ሰከንደሪው ያንን ፍለክስ ስለሚነካው ወሬው በዚያው ይደርሳል።

አንድ ማስተካከያ። እኔ ተራ በተራ ተረኩት እንጂ ነገሩ ተራ አይጠብቅም። አብሮ ነው የሚሆነው። ደግሞ የኤሲ (ወዲያና ወዲህ የሚለው መብራት) ቮልቴጆች ጫፋቸው በአንድ ሰዓት ስለማይገናኝ እንዲህ ቀጥ ብለው አይቀናነሱም። በትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ላይ ደግሞ ከሽቦው ኦም ይልቅ ከኮሩ የሚያፈተልከው ፍለክስ ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በዝርዝር ትሠራዋለህ። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ደብተር_ሙሉ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ!! "7 ቮልት ተቃዋሚ አጣ" የምትለዋን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጻፍኳት። ጋሼ፣ እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ።

ጥቅለላ_ቤት

ሰከንደሪውን 66 ላይ ብታቆመው ታዲያ ጭነት ስታደርግ ወደ 20 ቮልት ይወርድብሃል። ለዚህ ነው እኛ ጥቂት ዙር የምንጨምርበት። ደንበኛ የሚለካው በሥራ ላይ ነው።

የኮንዶሚኒየም_ሰው

እዚህ ላይ ልግባ። እንግዲያው ማታ ማታ ሰፈራችን መብራቱ የሚደክመው ፍለክሱ ስለወረደ ነው ማለት ነው? 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ሻማ ይመስላል።

ሰብስቴሽን_ሴት

በትንሹ አዎ፣ በአብዛኛው አይደለም። የትራንስፎርመሩ የራሱ ድርሻ በመቶኛ ጥቂት ነው። ትልቁ ጥፋት ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤትህ ያለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ላይ ነው። ረጅም ከሆነ፣ ሽቦው ቀጭን ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ከላላ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። በአንድ ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ ከሚወጡት ሦስት መስመሮች በአንዱ) ላይ የተሰለፉ ቤቶችን ምጣድ ደምረው።

ይኸው ምጣድ ወደ ትራንስፎርመሩ በሚገባው በ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር በኩል ምን ያህል መሰለህ? ሩብ አምፔር እንኳ አይሞላም።

አስመራጭ_ኮሚቴ

ይቅርታ፣ እኔ ፊዚክስ ከተማርኩ ቆየሁ። ቮልቴጅ ከፍ ሲል ከረንት ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው? የኦም ሕግ ቮልቴጅ ሲጨምር ከረንትም ይጨምራል ነው የሚለው።

ቮልትሜትር

ይህ ጥያቄ በየመድረኩ ይመላለሳል። የኦም ሕግ የሚናገረው ስለ አንድ ሬዚስታንስና በእሱ በሁለቱ ጫፍ መካከል ስላለው ቮልቴጅ ነው። መስመሩ ላይ ያለው 15 ኪሎ ቮልት ግን በሽቦው አንድ ጫፍና በሌላው ጫፍ መካከል አይደለም። በአንዱ ሽቦና በሌላው ሽቦ መካከል ነው። ሽቦው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚበላው ቮልቴጅ ትንሽ ነው። ለእሱ የኦም ሕግ እንደተከበረ ነው።

ከረንቱን የሚወስነው ዳር ላይ ያለው ሰው የሚፈልገው ኃይል ነው። 100 ኪሎ ዋት ለአንድ ሰፈር ይሂድ። በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ቢሄድ በየሽቦው 152 አምፔር ነው። በ15 ኪሎ ቮልት ቢሄድ 4 አምፔር አይሞላም። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚጠፋው ኃይል ደግሞ ከከረንቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። በዚያው ሽቦ ላይ ብክነቱ ከ1,500 ጊዜ በላይ ይቀንሳል። ከህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎ ቮልት የሆነው በዚህ ሒሳብ ነው። ጀነሬተሮቹ የሚያመነጩት ከዚያ በጣም ባነሰ ቮልቴጅ ነው። ግድቡ ጋ ትራንስፎርመር ከፍ ያደርገዋል፣ ወደ ከተማ ሲቀርብ ሌሎቹ በደረጃ ያወርዱታል።

ታሪኩም ደስ ይላል። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ላይ የጀመረው በ110 ቮልት ዲሲ ነበር። ዲሲ አይለዋወጥም። ስለዚህ በትራንስፎርመር ከፍ ማድረግ አልቻለም። ጣቢያው ደንበኞቹ አፍንጫ ሥር መሆን ነበረበት። በ1885 ሦስት የቡዳፔስት ኢንጂነሮች፣ ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ፣ ኮሩ ቀለበት ሆኖ የተዘጋ ትራንስፎርመር ይዘው መጡ። በቀጣዩ ዓመት ዊልያም ስታንሊ አሜሪካ ግሬት ባሪንግተን የምትባል ትንሽ ከተማን በትራንስፎርመር አበራ። በ1891 ደግሞ ጀርመን ውስጥ ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ኤሌክትሪክ ተላከ። ቮልቴጁ ስንት ነበር? 15 ኪሎ ቮልት። የእኛ ሰፈር ምሰሶ ላይ ያለው ማለት ነው።

አዋሽ_ወንዝ

@ቮልትሜትር እንዲያ ከሆነ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ፣ ሱስዋ ድረስ የሚሄደው መስመርስ? እሱ ዲሲ ነው። 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ። "ዲሲ ከፍ አይልም" አላልክም?

ቮልትሜትር

ዲሲው አይደለም ከፍ ያለው። መጀመሪያ በኤሲነቱ በትራንስፎርመር ከፍ ይላል። ከዚያ በሴሚኮንዳክተር ቫልቮች ወደ ዲሲ ይለወጣል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚያ ወደ ኤሲ ተመልሶ እንደገና ትራንስፎርመር ይጠብቀዋል። ለኤዲሰን እነዚያ ቫልቮች አልነበሩትም። ለረጅም መንገድ ዲሲ የሚመረጥበት የራሱ ምክንያት አለው። ሌላ ክር ክፈትለት፣ እመጣለሁ።

የኮንዶሚኒየም_ሰው

እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት እኛ ብሎክ መብራቱ ድንገት ቦግ አለ። የጎረቤቶቼ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ተቃጠለ። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ደግሞ አምፖሉ ደበዘዘ። ሰዉ ሁሉ "ትራንስፎርመሩ አብዷል" አለ። ትራንስፎርመር ያብዳል?

ሰብስቴሽን_ሴት

እንደነገርከን ከሆነ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነው። ኒውትራል ነው የተበጠሰው ወይም የላላው።

የሰፈር ትራንስፎርመር በዝቅተኛው በኩል ሦስት ጥቅል አለው። አንዱ አንዱ ጫፋቸው በአንድ ነጥብ ይገናኛል። ያ ነጥብ ኒውትራል ነው። ከእሱ ወደ እያንዳንዱ ፌዝ 220 ቮልት ነው። ከፌዝ ወደ ፌዝ ግን 380። አንተ በአንዱ ፌዝ፣ ፊት ለፊትህ በሌላው ይሆናል። ኒውትራሉ ሲበጠስ ሁለታችሁ በተከታታይ ትያያዙና 380ውን ትካፈላላችሁ። አካፋፈሉ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ ዕቃ የሰካው ትንሽ ቮልቴጅ ያገኛል። ጥቂት የሰካው ትልቁን ይወስዳል። ቴሌቪዥንና አንድ አምፖል ብቻ ያበራው ቤት ነው የሚጎዳው።

ግማሹ ሰፈር ሲደምቅ ግማሹ ከደበዘዘ ዋናውን ብሬከር ወዲያው አውርዱ። ከዚያ ለሚመለከተው ደውሉ። ምሰሶ ላይ የሚወጣ "ሁሉን ቻይ" ጎረማሳ እንዳትጠሩ። 15 ኪሎ ቮልትን ሳይነኩት በጣም መጠጋትም ሊገድል ይችላል።

ቀልደኛው_ፊውዝ

እኛ ሰፈር ያለውስ ሲያፏጭ የሚያድረው ሰው ይጠራል?

ጥቅለላ_ቤት

ማፏጨት ሳይሆን "ምምም" ከሆነ ተፈጥሮው ነው። ኮሩ ብረት ነው። ብረት መግነጢስ ሲሆን በጣም ትንሽ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲባል ኮሩ 100 ጊዜ ይነዝራል፤ አቅጣጫው ሰሜንም ይሁን ደቡብ መለጠጡ ያው ነውና። የምትሰማው 100 ኸርዝ ነው። ቆርቆሮዎቹ ከላሉ ድምፁ ይጎላል። እኛ ብሎኑን አጥብቀን ቫርኒሽ እንነክረዋለን። "ጭርር" ወይም "ጠሽ ጠሽ" ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ራቁ።

ቆርቆሮ ያልኩት ኮሩ አንድ ወጥ ብረት ስላልሆነ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ውፍረት ያላቸው ስስ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው ነው። በመሀላቸው ኢንሱሌሽን (ከረንት የማያሳልፍ ሽፋን) አለ። ወጥ ብረት ብታስገባ ፍለክሱ በብረቱ በራሱ ውስጥ ከረንት ያሽከረክርና ኮሩ ይግላል። አንዳንድ ሠራተኛ ኮሩን ሲበትን ዳር ዳሩን በመዶሻ እየደበደበ ኢንሱሌሽኑን ይልጠዋል። ከዚያ "ትራንስፎርመሩ ለምን ይሞቃል" ብሎ ይመጣል።

ጀበና_በኢንዳክሽን

ስሜን አይታችሁ ገምታችኋል 😅 ኢንዳክሽን ምድጃ ገዛሁ። ድስቱ ይፈላል። ጀበናው ግን አንድ ሰዓት ቢቀመጥ አይሞቅም። ምድጃው "ቲጥ" ብሎ ይጠፋል። ተበላሽቶ ነው?

ቮልትሜትር

ምድጃሽ ደህና ነው። ጋሼ አሁን የነገሩንን ከረንት አስቢው፤ እዚያ ጠላት ነው፣ እዚህ ወዳጅ። ከመስታወቱ ሥር ያለው ጥቅል ፕራይመሪ ነው። የድስቱ ቂጥ ደግሞ ኮርም ሰከንደሪም ይሆናል። አንድ ዙር ብቻ ያለው፣ በራሱ ላይ የተዘጋ ሰከንደሪ። የሚፈጠረው ከረንት ድስቱን ያግለዋል። ፍሪኩዌንሲውም 50 ኸርዝ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሺህ በላይ።

ጀበና ሸክላ ነው። ሸክላ ከረንት አያስኬድም። ምድጃው ማንም እንዳልተቀመጠበት ቆጥሮ ይጠፋል። አሉሚኒየም ድስትም ብዙዎቹ ላይ አይሠራም። ማግኔት ቂጡ ላይ አስጠጊ። ከያዘ ይሠራል። የሸክላ ምጣድማ አይታሰብም። ለጀበናው የብረት ዝርግ ከሥር የሚያደርጉ አሉ፤ ብረቱ ይግልና ጀበናውን ያሞቃል። ግን መስታወቱን ያስጨንቀዋል። ለቡና ከሰሉ ይሻልሻል፣ ጣዕሙም አለ።

ከሜሪላንድ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ተባረኩ። የኔም ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጠቅልዬ ልገባ ነው። ብሌንደር፣ ማይክሮዌቭ፣ የልብስ ስፌት መኪናና ትንሽ ፍሪጅ አለኝ። ሁሉም የአሜሪካ፣ 120 ቮልት ናቸው። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ልጫናቸው ወይስ እዚሁ ልሽጣቸው?

ጥቅለላ_ቤት

እንኳን ደህና ትመጪ እህቴ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይቀይርልሻል። ኸርዙን ግን አይቀይርም። 60 ለምዶ የመጣው ዕቃ እዚህ 50 ያገኛል። ጣጣው እሱ ላይ ነው።

ብሌንደሩና የስፌት መኪናው ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ ግድ የለውም፤ አምጪው። ስልክ ቻርጀርና ላፕቶፕ የጀርባው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ካለ ትራንስፎርመርም አያሻውም፣ ሶኬቱን ብቻ ማስተካከል ነው። ፍሪጁ ሌላ ነው። የኮምፕረሰሩ ፍጥነት ከኸርዙ ጋር ስለሚሄድ በስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። ደግሞ ሲነሳ ከሥራው ብዙ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ትልቅ ትራንስፎርመር ያስገዛሻል። ሽጪው።

ማይክሮዌቩንም ሽጪው። በብዙዎቹ ውስጥ ከባድ ትራንስፎርመር አለ፣ ለ60 ኸርዝ የተጠቀለለ። ቅድም 45ን አካፍል ያልኩት ለ50 ነው፤ ለ60 ሲሆን 37.5 ነው። ዙሩ ያነሰ ነው ማለት ነው። በዚያው ቮልቴጅ 50 ላይ ሲሠራ ፍለክሱ በመቶ 20 ይጨምራል፣ ኮሩ ይጠግባል (ተጨማሪ ፍለክስ መያዝ ያቅተዋል)፣ ይግላል። ሲመረቱም ዋጋ ለመቀነስ ከመጥገቡ አፋፍ ላይ ነው የሚሠሯቸው። እዚህ የተቃጠሉትን አምጥተውልኝ ከምጠቀልል አዲስ ቢገዙ ይረክሳቸዋል።

ከሜሪላንድ

ብሌንደሩ 700 ዋት ይላል። የ1,000 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃዋል?

ጥቅለላ_ቤት

1,500 ግዢ። ሻጭ የሚጽፈው ዋትና ኮሩ የሚችለው ዋት ሁልጊዜ አይገናኙም። ስትገዢ በእጅሽ አንሺው። 1,500 ተብሎ እንደ ጫማ ሣጥን ከቀለለሽ መልሺው።